ለርዳታ የሚሄድ አስቀድሞ ይስማ

ኢቦላ የተባለው ደዌ ላይቤሪያን፣ ሴራሊዮንንና ጊኒን ባስጨነቀ ጊዜ፣ በ2007 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ በፈቃዳቸው ከዘመቱት የጤና ሠራተኞች መካከል እኛም ነበርን። ክሎሪንና ጓንት ስለ ያዝን የሚጐድለን ነገር ያለ አልመሰለንም ነበር።

ደዌው የሚተላለፈው በበሽተኛው ደም፣ ትውከትና በሌላም የሰውነት ፈሳሽ ነው፤ ሬሳውም እጅግ አደገኛ ነው። ስለዚህ ሬሳ ማጠብ ተከለከለ። አንዲት ልጅ ግን፣ «እናቴን ሳላጥብ እንዴት አፈር አለብሳታለሁ?» ብላ ከደጃችን ቆመች። እኛም ሬሳ አጥቦ በሚገንዝ ሕዝብ መካከል ያደግን ነንና ኀዘኗ ገባን።

የመንደሩን ሽማግሌዎች አማከርን። የአገሩ ወጣቶች መከላከያ ልብስ ለብሰው ሬሳውን ሲቀብሩ፣ ቤተ ሰቡ ራቅ ብሎ ቆሞ ጸለየ፤ በመቃብሩም ላይ የሟቿ ስም ተጻፈ። ከዚያ ወዲህ በሽተኛ ይደብቁ የነበሩ ሰዎች ራሳቸው ይጠሩን ጀመር።

መቅሠፍቱ ከ11,000 የሚበልጥ ሰው ፈጅቶ በ2008 ዓ.ም. አበቃ።

ክቡራን መምህራን ሆይ፣ ስለ ንጽሕና ከማስተማራችሁ በፊት የሠፈሩን ልማድ ከሽማግሌዎችና ከእናቶች ጠይቁ፤ ጤና የሚጐዳውንም ከእነርሱ ጋር መክራችሁ አሻሽሉ።