አሮጌ ፒክአፕ የኖረበትን አገር ይናገራል

በየሰፈሩ ግቢ ጥግ ሸራ ለብሶ የቆመ አሮጌ ፒክአፕ አይጠፋም። ጎማው ጎድሏል፤ ዶሮዎች ከሥሩ ይውላሉ። የቤቱ ታሪክ ግን እሱ ላይ ነው። አባት ንግድ የጀመረበት፣ እናት ምጥ ይዟት ወደ ጤና ጣቢያ የተወሰደችበት፣ ለበዓል በግና እህል ከገጠር የተጫነበት መኪና ነው። ባለቤቱ እንዳይሸጠው አንጀቱ አይችልም፤ ላሳድሰው ሲል ደግሞ ከየት እንደሚጀምር ይቸግረዋል።

ቀደም ሲል እንዲህ ያለው መኪና «ቁራሌው ይውሰደው» ይባል ነበር። አሁን ነገሩ ተለውጧል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያረጁ መኪኖችን ከውጭ ማስገባት እጅግ ውድ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። በእጅ ያለውን መጠገን የብዙ ቤተሰብ ወሬ የሆነው ከዚህ ወዲህ ነው። ውጭ አገር ያሉ ልጆችም «የአባታችንን መኪና እናድሰው፣ ገንዘቡን እኛ እንልካለን» ማለት ጀምረዋል።

ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት ግን አንድ ጥያቄ ይቀድማል። መኪናው የት ነው የኖረው?

ከሠላሳ ዓመት በላይ በነርስነት ሳገለግል በሽተኛ ሲመጣ ከምንጠይቃቸው የመጀመሪያ ጥያቄዎች አንዱ «ከየት ነው የመጡት?» የሚል ነበር። ትኩሳት ያለው ሰው ከቆላ ከመጣ ወባ እንጠረጥራለን፤ ከደጋ ወርዶ የማያውቅ ከሆነ ሌላ እናስባለን። የክትባት ሳጥን ጭኖ ገጠር ለገጠር ያዞረን ፒክአፕም እንደ ሰው ነው። የሚታመመው በኖረበት አየር ነው። ይህን የተረዳ ሰው ገንዘቡን የት ማዋል እንዳለበት ያውቃል። ያልተረዳ ግን ቀለም ያስቀባና ከዓመት በኋላ ሻንሲው ሲሰበር ያያል።

ደጋ የኖረ

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ናት። ከፍታው በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ሞተሩም እንደ እኛ በትንሽ አየር መተንፈስ ግድ ይሆንበታል። ቱርቦ የሌለው አሮጌ ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህሉን ያጣል። ስለዚህ አዲስ አበባ ውስጥ ዳገት ላይ የሚያቃስት ፒክአፕ ሁሉ ሞተሩ አልቋል ማለት አይደለም። ካርቡራቶር ያለው የቤንዚን መኪና ለቆላ እንደተስተካከለ ደጋ ቢመጣ አየሩ አንሶ ቤንዚኑ ይበዛበታል፤ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። አንዳንዴ ሞተር ይውረድ የተባለለት መኪና ካርቡራቶሩ በዐዋቂ እጅ ሲስተካከል ይድናል።

ሌላው የደጋ ነገር የውሃ መፍላት ነው። ቤት ውስጥ ባቄላና አተር የሚያበስሉ እናቶች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። ደጋ ላይ እህል ቶሎ አይበስልም፤ ምክንያቱም አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ሞተር ደግሞ በጤናው ሲሠራም ወደ 90 ዲግሪ ይጠጋል። ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ ግፊት አምቆ ይይዝና ውሃው የሚፈላበትን ሙቀት 20 ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርገዋል። የክዳኑ ጎማ ካለቀ ግን መኪናው እንጦጦ ዳገት ላይ ይፈላል። ከዚያ ቴስታታው ይጣመማል፣ ጓርኒሲዮኑ ይቃጠላል፣ ወጪው ይከተላል። የብዙ ሺህ ብር ጥፋት ከአንዲት ርካሽ ክዳን ሊጀምር ይችላል።

ደጋ ግን ውለታም አለው። ጨው የለበትም፣ ሙቀቱም ልከኛ ነው። ክረምት ከጣሪያ ሥር፣ ደረቅ መሬት ላይ የቆመ የደጋ መኪና ሻንሲው ብዙ ጊዜ ደህና ሆኖ ይገኛል።

ቆላ የኖረ

ድሬዳዋ፣ አዋሽ፣ ሰመራ ወይም መተማ የኖረ ፒክአፕ ብረቱ ጤነኛ ሊሆን ይችላል። የሚያረጅበት ጎማና ፕላስቲኩ፣ ባትሪውና ማቀዝቀዣው ነው። የውሃ ጎማዎቹ በጣት ሲጫኗቸው ይሰነጠቃሉ። የበርና የመስታወት ጎማዎች ይደርቃሉ። ቺንጋው ያለ ማስጠንቀቂያ ይበጠሳል። የመሪ ክፍሎች መሸፈኛ ጎማ ይቀደድና አቧራው ገብቶ ግራሶውን አሸዋ ያደርገዋል። የአየር ፊልትሮው በጊዜው ካልተጸዳ አቧራው ፒስቶኑን እንደ ሞረድ ይፍቀዋል።

ባትሪን በሚመለከት ብዙ ሰው የሚገድለው ብርድ ይመስለዋል። ብርድ ድካሙን ያጋልጣል እንጂ ዕድሜውን የሚያሳጥረው ሙቀት ነው። ቆላ ውስጥ ከኮፋኖ ሥር የሚውል ባትሪ ውሃው ቶሎ ይተናል፣ ውስጡም ቶሎ ይበላል። ስለዚህ ከቆላ የመጣ መኪና ስትገዙ ለጎማ ነክ ዕቃዎች፣ ለራዲያተርና ለባትሪ የተለየ በጀት ያዙ። ደግነቱ እነዚህ ሁሉ የሚለወጡ ዕቃዎች ናቸው።

ከዱባይና ከሌሎች የባሕረ ሰላጤ ከተሞች የመጡ መኪኖችም የቆላ በሽታ አለባቸው። ልዩነቱ እነዚያ ከተሞች ባሕር ዳር መሆናቸው ነው። የሞቀ፣ እርጥብና ጨው ያለበት አየር ከሥር ብረቱን ሲበላ፣ ፀሐዩ ከላይ ቀለሙንና ወንበሩን ያደርቃል።

ዝናብና ጨው ያገኘው

ጋምቤላ፣ መቱና ጎሬ ዝናቡ ብዙ ወር ይቆያል። ጭቃው ከሻንሲው ማዕዘን፣ ከባሌስትራው መጋጠሚያና ከጋቢናው ወለል ሥር ተጣብቆ እርጥበት ይዞ ይከርማል። ዝገት የሚጀምረው እዚያ ነው። ከሁሉ የከፋው ግን ጨው ነው። በምፅዋና በአሰብ፣ በጅቡቲ ወደብ የሠራ ወይም ከአፋር ጨው ያመላለሰ መኪና ከሆነ ሌላውን ትታችሁ መጀመሪያ ሥሩን እዩ።

ሰሜን አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን ይህን በሌላ መንገድ ያውቁታል። ሚኒሶታን በመሰሉ ግዛቶች በክረምት በረዶውን ለማቅለጥ መንገዱ ላይ ጨው ይበተናል። ጨዋማው ውሃ እየተረጨ ሻንሲው ውስጥ ይገባል፤ ወፍራም የነበረው ብረት ከዓመታት በኋላ በመዶሻ ሲመታ የሚፈርስ ቅርፊት ይሆናል። ይህ የሚደርሰው በጥንት መኪና ላይ ብቻ አይደለም። ቶዮታ ታኮማን ጨምሮ 1.5 ሚሊዮን ገደማ ፒክአፖችና ትልልቅ መኪኖችን በሚመለከት በሻንሲ ዝገት ተከስሶ እ.ኤ.አ. በ2016 እስከ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ሊያስወጣው በሚችል ስምምነት ጉዳዩን ለመዝጋት ተስማምቷል። በአንጻሩ አሪዞናና ኔቫዳ ደረቅ በረሃ ስለሆኑ የ50 ዓመት ፒክአፕ ቀለሙ ተቃጥሎ፣ ወንበሩ ተቀዶ፣ ብረቱ ግን ሳይዝግ ይገኛል። አሮጌ ፒክአፕ የሚወዱ አሜሪካውያን ከበረሃ የመጣውን በውድ የሚገዙት ለዚህ ነው። ቀለምና ወንበር ይገዛል፤ የበሰበሰ ሻንሲ ግን ቤት በምስጥ የተበላ ምሰሶ ላይ እንደመሥራት ነው።

ያ አገር ብርዱም ሌላ ፈተና ነው። ሙቀቱ ከዜሮ በታች ወደ 18 ዲግሪ ሲወርድ ባትሪ ከጉልበቱ ግማሽ ያህሉን ያጣል፤ ዘይቱም ይወፍራል። ተራ ውሃ በራዲያተር ውስጥ ካለ በረዶ ሆኖ ሞተሩን ይሰነጥቀዋል። እኛ አገር ኩላንት የቅንጦት ይመስለናል፤ እዚያ ያለ እሱ አይታደርም። እዚህም ቢሆን ራዲያተሩ ከውስጥ እንዳይዝግ ይጠብቃልና ይጠቅማል።

የመኪናው ዓይነትም መታወቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1948 መሠራት የጀመረው ላንድሮቨር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ብረት ስላጠረ ቦዲው ከአልሙኒየም ነው የተሠራው። ቦዲው ስለማይዝግ ባለቤቱ ይዘናጋል፤ ሻንሲው ግን ብረት ነው፤ ከውስጥ ይበሰብሳል። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1984 ድረስ የተሠራው የላንድክሩዘር 40 ቤተሰብና ከእሱ በኋላ የመጣው 70 ሻንሲያቸው ወፍራም ነው፤ ቦዲያቸው ግን ላሜራ ስለሆነ በጋቢናው ወለልና በበሩ ታች ይዝጋል። እ.ኤ.አ. በ1968 የጀመረው ሃይሉክስም ካሶኒው ከሥር መታየት አለበት።

ምርመራው ከሥር ይጀምራል

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይባላል። የሚያብረቀርቅ ቀለም ያያችሁበት አሮጌ መኪና ላይ ጥርጣሬያችሁን ጨምሩ። ማግኔት ይዛችሁ ቦዲው ላይ አስጠጉ። ብረት ከሆነ ይይዛል፤ ባቲላሜራው ዝገቱን በስቱኮ ደፍኖ ከሆነ አይይዝም። ላንድሮቨር ላይ ይህ ዘዴ አይሠራም፤ አልሙኒየም ማግኔት አይስብምና። ከዚያ መካኒኩ መኪናውን ያንሣና ሻንሲውን በትንሽ መዶሻ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያንኳኳው። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው የታፈነ ድምፅ ያሰማል። የባሌስትራው መያዣና የመሪው ማርሽ ሳጥን የታሰረበት ቦታ በተለይ ይታይ። የሻንሲው ቁጥር ሊብሬው ላይ ካለው ጋር መመሳሰሉንም አረጋግጡ። ቁጥሩን ዝገት በልቶት ከሆነ ነገ በቦሎ ጊዜና በስም ዝውውር ጣጣ ያመጣል።

ሻንሲው ካለፈ በኋላ የሥራው ተራ ይህ ነው፤ መጀመሪያ ፍሬንና መሪ፣ ቀጥሎ ማቀዝቀዣና የነዳጅ መስመር፣ ከዚያ ሞተርና ካምቢዮ፣ ከዚያ የመብራት ሽቦ፣ መጨረሻ ላይ ቦዲና ቀለም። ብዙ ሰው ይህን ይገለብጠዋል፤ ቀለሙ ለዓይን ይታያላ። ለረጅም ጊዜ የቆመ መኪና ከሆነ አይጥ ሽቦውን በልታው ሊሆን ይችላል፤ ቤንዚኑም ተበላሽቶ ታንኩን ያዝገዋል። ሳይታጠብ አታስነሡት።

ሻንሲው ካልዳነስ? እዚህ ላይ መጨከን ያስፈልጋል። በመሪውና በባሌስትራው አካባቢ የበሰበሰ ፒክአፕ የአባት ማስታወሻ ቢሆንም መንገድ ላይ መውጣት የለበትም። ሞተሩንና ካምቢዮውን ለሚፈልግ ሸጦ፣ መሪውን ወይም የፊት ታርጋውን ቤት ግድግዳ ላይ መስቀል ነውር አይደለም። አባት የሚታወሰው ልጆቹ በሕይወት ሲኖሩ ነው።

ልጆች ባሉበት ግቢ

እድሳቱ ግቢ ውስጥ የሚሠራ ከሆነ አያቶች ይህን ክፍል ደግመው ያንብቡት።

የአሮጌ መኪና ፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል። ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፤ በሽታው ከብዙ አሥር ዓመታት በኋላ ነው የሚወጣው። ፍሬን ሲፈታ በኮምፕሬሰር አየር መንፋት ክልክል ይሁን፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግና ጨርቁ በፌስታል ታስሮ ይጣል። የድሮ ቀለም ሲፋቅ ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት ያለበት አቧራ ሊወጣ ይችላል። ሊድ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፤ ለነፍሰ ጡርም አደገኛ ነው። ቀለም የሚፋቀው ውሃ እየተረጨ፣ ልጆች በሌሉበት ይሁን። አባት የሥራ ልብሱን ሳይለውጥ ሕፃን አይቀፍ፤ ልብሱም ከልጆች ልብስ ጋር አይታጠብ።

ኩላንት ጣፋጭ ጣዕም አለው፤ በውስጡ ያለው ኤቲሊን ግላይኮል ግን ኩላሊትን የሚገድል መርዝ ነው። ትንሽም ቢሆን የጠጣ ልጅ ደህና ቢመስልም ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። ቤንዚንና ናፍጣ በለስላሳ ጠርሙስ ወይም በውሃ ፕላስቲክ በፍጹም አይቀመጥ። ልጅ ቤንዚን ከጠጣ እንዲያስመልስ አታድርጉት፤ ወተትም አትስጡት። ሲያስመልስ ወደ ሳንባው ይገባልና ሳትቆዩ ውሰዱት። የፈላ ራዲያተር ክዳን ሳይቀዘቅዝ አይከፈት፤ የሚረጨው ውሃ ፊትን ይልጣል። በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር ማንም አይግባ፤ ካቫሌቶ ይደገፍበት። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሞተር አይነሣ፤ ጭሱ ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ አለበት።

መኪናው ተሠርቶ ሲያልቅም ድሮ የተሠራው ለድሮ ፍጥነት መሆኑን አትርሱ። የአደጋ ጊዜ ኤርባግ የለውም፤ ብዙዎቹም የትከሻ ቀበቶ የላቸውም። ሻንሲው ጤነኛ ከሆነ ቀበቶ በዐዋቂ ባለሙያ ሊገጠምለት ይችላል፤ ከቀለም በፊት ለዚያ ገንዘብ መድቡ። ካሶኒው ላይ ደግሞ እህል እንጂ ልጅ አይጫንም። እኛ ድሮ ከኋላ ተቀምጠን ነፋስ እየመታን ሄደን ይሆናል። የወደቁትን በድንገተኛ ክፍል የተቀበልን ሰዎች ግን ለምን እንደምንከለክል እናውቃለን።

በዚህ ሳምንት ሸራውን ገልጣችሁ ከመኪናው ጋር ስትተያዩ አንድ ደብተር ያዙ። የት የት እንደኖረ፣ ምን እንደጫነ፣ ምን መቼ እንደተለወጠለት አያት ይናገር፣ የልጅ ልጅ ይጻፍ። ለመካኒኩም ከዚያ ደብተር የተሻለ የምርመራ ካርድ አይገኝለትም።