ለሞተር ትንፋሽ መጨመር፦ በፒክአፕ መኪና ላይ ሱፐርቻርጀር ስለመግጠም

ከባሕር ዳርቻ የመጣ እንግዳ አዲስ አበባ በገባ ማግሥት የእንጦጦን ዳገት በእግሩ ቢወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል። እንግዳው የመጣው በቤንዚን በሚሠራ ፒክአፕ ከሆነ መኪናውም ከዚሁ ችግር አያመልጥም፤ በቆላ በሦስተኛ ማርሽ ይወጣው የነበረውን ዓይነት ዳገት እዚህ በሁለተኛ ለመውጣት ይገደዳል። ሰውየው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቀይ የደም ሕዋሳቱ በዝተው አየሩን ይለምደዋል። ሞተሩ ግን ዕድሜ ልኩን አይለምድም። በዚህ ጽሑፍ ሞተሩ ያጣውን ትንፋሽ ለመመለስ ከሚያገለግሉት መሣሪያዎች አንዱን፣ ሱፐርቻርጀርን፣ እንመለከታለን። በሰሜን አሜሪካ ብዙ የመኪና አፍቃሪዎች ይህን መሣሪያ በቤታቸው ጋራዥ ውስጥ በገዛ እጃቸው በፒክአፖቻቸው ላይ ይገጥሙታል፤ ስለዚህ ሥራው ምን እንደሚጠይቅና የት ላይ ሞተር እንደሚያቃጥልም እናያለን።

እንደሚታወቀው ነዳጅ ብቻውን አይነድም። አንድ ግራም ቤንዚን ተሟልቶ እንዲቃጠል 14.7 ግራም ያህል አየር ያስፈልገዋል። የሞተርን ጉልበት የሚወስነው እንግዲህ በታንከሩ ውስጥ ያለው ቤንዚን ሳይሆን ሲሊንደሩ በአንድ ጊዜ ሊስበው የሚችለው አየር ነው። በባሕር ወለል ላይ የአየር ግፊት 101 ኪሎፓስካል ገደማ ሲሆን በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ወደ 76 ይወርዳል። በባሕር ዳርቻ፣ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.18 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ በአዲስ አበባ ከፍታ በ20 ዲግሪ ግን 0.90 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። ሩብ ያህሉ ጠፍቷል ማለት ነው።

ነገሩን በቁጥር ለመከታተል አንድ የታወቀ ሞተር እንውሰድ። ቶዮታ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ በአሜሪካ ይሸጠው በነበረው ታኮማ ፒክአፕ ላይ ባለ 3.4 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር ይገጠም ነበር፤ ጉልበቱም 190 የፈረስ ጉልበት ነበር። ይህን ሞተር የመረጥነው ኩባንያው ራሱ ሱፐርቻርጀር በተጨማሪ ዕቃነት ያቀርብለት ስለነበረና በቤት ገጣሚዎች ዘንድ የታወቀ ስለሆነ ነው። የሞተሩ ጉልበት ከአየሩ መጠን ጋር እኩል ይቀንሳል ብለን ብንገምት፣ ይኸው መኪና አዲስ አበባ ላይ 145 የፈረስ ጉልበት ያህል ብቻ ይኖረዋል።

የመፍትሔው ሐሳብ አዲስ አይደለም። አንጥረኛ ከሰሉ በራሱ የሚስበው አየር አልበቃው ሲል ወናፍ ይነፋበታል። ሱፐርቻርጀር የሞተር ወናፍ ነው ቢባል ስሕተት የለበትም፤ የትውልድ ታሪኩም ከዚያው ሰፈር ነው። ፊላንደርና ፍራንሲስ ሩትስ የተባሉ የኢንዲያና ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1860 የፈጠራ መብት ያገኙበት አየር ነፊ መሣሪያ ብዙ ያገለገለው በብረት ማቅለጫ እቶኖች ላይ ነበር። ጎትሊብ ዳይምለር እ.ኤ.አ. በ1885 አየርን በግፊት ወደ ሞተር የማስገባትን ሐሳብ በጀርመን አስመዘገበ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተዋጊ አውሮፕላኖች ሞተሮች በከፍታ ላይ እንዳይደክሙ ያደረጋቸውም ይኸው ዘዴ ነው።

የሩትስ ዓይነት ሱፐርቻርጀር አሠራሩ ቀላል ነው። በአንድ ጠንካራ ቤት ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ዘንጎች እንደ ጥርስ ጎማ ተጠላልፈው፣ ግን ሳይነካኩ፣ በተቃራኒ አቅጣጫ ይሽከረከራሉ። በዘንጎቹ ጉብታና በቤቱ ግድግዳ መካከል የተያዘው አየር ከመግቢያው ወደ መውጫው ይጋዛል። የሚያሽከረክራቸው ከሞተሩ ፑሊ የሚነሣ ቺንጋ ነው። ቱርቦ የሚባለው ዘመዱ ግን ኃይሉን የሚያገኘው በማርሚታ በኩል ሊወጣ ከሚሄደው የጭስ ግፊት ነው። በአገራችን የምናያቸው አዳዲስ የናፍጣ ፒክአፖች ቱርቦ ይዘው ስለሚመጡ ከፍታው የቤንዚኑን ያህል አይጎዳቸውም። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን እነርሱ አይደሉም።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። የታኮማው ሞተር በአንድ ዙር የመጠኑን ግማሽ፣ ማለትም 1.7 ሊትር አየር ይውጣል። ለዚህ መጠን የሚስማማ ሱፐርቻርጀር በአንድ ዙሩ 1 ሊትር ያህል ይገፋል። ሞተሩ አንድ ጊዜ ሲዞር ሱፐርቻርጀሩ 2.2 ጊዜ እንዲዞር የፑሊዎቹ መጠን ቢመረጥ፣ ሞተሩ ከሚውጠው በላይ አየር ይመጣለታል። ጥቂቱ በዘንጎቹ ክፍተት ወደ ኋላ ሾልኮ ይመለሳል፤ የቀረው መሄጃ ስለሌለው ይታመቃል። የግፊቱ ጭማሪ 1.45 እጥፍ ነው እንበል።

ታዲያ ጉልበቱ በ45 በመቶ ያድጋል? አያድግም። ጋዝ በፍጥነት ሲታመቅ ይሞቃል፤ የብስክሌት ጎማ በእጅ ፓምፕ የነፋ ተማሪ ሁሉ ይህን በጣቱ ያውቀዋል። በ20 ዲግሪ የገባ አየር ያለ ምንም ብክነት 1.45 እጥፍ ቢታመቅ 33 ዲግሪ ይጨምር ነበር። የመሣሪያውን ብቃት 60 በመቶ ብናደርገው ጭማሪው 55 ዲግሪ ይሆናል፤ አየሩም በ75 ዲግሪ ወደ ሲሊንደሩ ይገባል። የሞቀ አየር ስለሚሰፋ የእፍግታው እውነተኛ ጭማሪ 22 በመቶ ብቻ ነው። በዚህ ላይ ሱፐርቻርጀሩ ራሱ የሚሽከረከረው በሞተሩ ጉልበት ስለሆነ በከፍተኛ ዙር 10 የፈረስ ጉልበት ያህል ይበላል። ሁሉንም ስናቀናንስ 145 የነበረው ወደ 165 ገደማ ይደርሳል። በግምታዊ ስሌታችን መሠረት እንግዲህ አዲስ አበባ ላይ ሱፐርቻርጀር የተገጠመለት ፒክአፕ ባሕር ዳርቻ ላይ ምንም ካልተገጠመለት መንትያው ጋር እንኳ አይስተካከልም! ይህን አስቀድሞ ያላሰላ ገጣሚ ገንዘቡን ካወጣ በኋላ ማዘኑ አይቀርም።

ወደ ጋራዡ እንመለስ። ሥራው በተለመዱ ቁልፎች የሚሠራ ነው፤ ትዕግሥት ላለው ሰው የቅዳሜና የእሑድ ሥራ ሊሆን ይችላል። ከሁሉ በፊት የየሲሊንደሩ እምቅ ግፊት ይለካል፤ ከወዲሁ የደከመ ሞተር ተጨማሪ አየር አይጫንበትም። ቀጥሎ የባትሪው ኔጋቲቭ ገመድ ይነቀላል። በኢንጀክተሮቹ መስመር ውስጥ ያለው ቤንዚን መኪናው ጠፍቶም ቢሆን በግፊት ውስጥ ስለሚቆይ ግፊቱ ሳይለቀቅ ቧንቧው አይፈታም። የቤንዚን ተን ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ይሄዳል፤ በጋራዡ ጥግ ላይ የተቀመጠ የከሰል ምድጃ ወይም የበራ ሲጋራ እስኪያገኝ ድረስ ማንም አያየውም።

ከዚያ የላይኛው የአየር ማከፋፈያ ይነሣና ሱፐርቻርጀሩ በቦታው ይቀመጣል። በዚህች ቅጽበት የሲሊንደሮቹ የአየር ቀዳዳዎች አፋቸውን ከፍተው ይታያሉ። በንጹሕ ጨርቅ ወዲያውኑ መደፈን አለባቸው፤ አንዲት ትንሽ ዳዶ ብትገባ ሞተሩ በተነሣ በመጀመሪያው ሴኮንድ በፒስተኑና በቴስታታው መካከል ትፈጫለች። አሮጌው ጓርኒሲዮን በጥንቃቄ ተፍቆ በአዲስ ይተካል። ቡሎኖቹ የማጥበቂያ ኃይልን በሚለካ ቁልፍ፣ ከመሐል ወደ ዳር፣ በተራ ይጠብቃሉ፤ አለዚያ አየር ሾልኮ የድካሙን ዋጋ ያሳጣል። ረዥሙ ቺንጋ ይገባል፤ ካንዴላዎቹም ሙቀትን ቶሎ በሚያስወግዱ ይተካሉ። በዚህ ጊዜ ሞተሩ ይነሣል፣ ድምፁም ያማረ ይሆናል፤ ገጣሚውም ሥራው ያለቀ ይመስለዋል።

በእርግጥ ግን ገና አልተጀመረም። አየሩ በጨመረ ቁጥር ቤንዚኑ መጨመር አለበት። ሞተሩ በሙሉ ኃይል ሲሠራ፣ ለማቀዝቀዝም ጭምር፣ ለአንድ ግራም ቤንዚን 12 ግራም ገደማ አየር የሚይዝ ወፍራም ድብልቅ ይፈለጋል። ነባሮቹ ኢንጀክተሮችና የነዳጅ ፓምፑ ለአሮጌው ትንፋሽ የተመጠኑ ስለሆኑ ላይበቁ ይችላሉ። የሞተሩ ኮምፒውተርም የብልጭታውን ሰዓት የሚወስነው በአሮጌው ሠንጠረዥ ነው። ይህ ሳይስተካከል ቀርቶ ድብልቁ ከሳሳ ወይም ብልጭታው ከቀደመ መካኒኮች ‹‹ሞተሩ ያንኳኳል›› የሚሉት ነገር ይመጣል።

ማንኳኳት ምንድን ነው? በጤናማ ሞተር ውስጥ እሳቱ ከካንዴላው ተነሥቶ እንደ ሣር ቃጠሎ ወደ ዳር ይስፋፋል። እየተስፋፋም ከፊቱ ያለውን ያልነደደ ድብልቅ ወደ ግድግዳው ይጨቁነዋል፣ ያሞቀዋልም። ድብልቁ ቀድሞውኑ የሞቀና የታመቀ ከሆነ እሳቱ እስኪደርስለት አይጠብቅም፤ በየቦታው በአንድ ጊዜ በራሱ ይነዳል። የሚፈጠረው የግፊት ማዕበል ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እየተላተመ፣ በዚህ ስፋት ባለው ሲሊንደር ውስጥ በሴኮንድ 6,000 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ ውጭ ላለ ሰው በቆርቆሮ ላይ ጠጠር የሚዘንብ ይመስላል። ጉዳቱ ከድምፁ የከፋ ነው። በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው እሳት ከ2,000 ዲግሪ በላይ ሲሆን ፒስተኑ የሚሠራበት አሉሚኒየም ግን በ660 ዲግሪ ይቀልጣል። ፒስተኑን እስካሁን ያተረፈው፣ ከላዩ ላይ ተለጥፋ የምትኖር ስስ የጋዝ ሽፋን ናት። ማዕበሉ ይህችን ሽፋን ይጠርጋታል፤ ፒስተኑም ራቁቱን ይቀራል።

የቤንዚን ኦክቴን ቁጥር ይህንን በራስ የመንደድ ጠባይ የመቋቋም መለኪያ ነው። በአሜሪካ አብዛኛው ክፍል ዝቅተኛው ቤንዚን 87 ሲሆን፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ዴንቨር በምትገኝበት በኮሎራዶ 85 ሲሸጥ ይታያል። ከፍታው አየሩን ስላሳሳው የድሮ ሞተሮች በዚያ አያንኳኩም ነበርና ነው። ሱፐርቻርጀር የገጠመ ሰው ግን ያን ቀጭን አየር በገዛ እጁ አወፍሮታልና የከፍታውን ምሕረት መቁጠር አይገባውም።

ለእኛ ከተማ ገጣሚም ትልቁ ወጥመድ ከዚሁ ላይ ነው። አዲስ አበባ ላይ ሱፐርቻርጀሩ 76 ኪሎፓስካሉን ወደ 110 ያደርሰዋል፤ ይህ ከባሕር ወለል ግፊት እምብዛም የማይበልጥ ስለሆነ ሞተሩ ሳያጉረመርም ይሸከመዋል። ገጣሚውም በቀለበት መንገድ ላይ ሞክሮ ‹‹ተሳክቷል›› ይላል። መኪናው ዕቃ ጭኖ በአዳማ በኩል ሲወርድ ግን ፑሊው ሳይለወጥ ግፊቱ ይለወጣል፤ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ 130፣ ጅቡቲ ወደብ ሲደርስ 147 ኪሎፓስካል ይሆናል። በ40 ዲግሪ የገባው አየርም ታምቆ 98 ዲግሪ ይደርሳል። በደጋ ማስተካከያው ትክክል የመሰለው ሞተር በቆላ ሌላ ሞተር ሆኖ ይገኛል።

ስለዚህ የመጨረሻው ፍተሻ መደረግ ያለበት በቆላ ነው። የአየርና የነዳጁን ምጥጥን የሚያሳይ መለኪያ ተገጥሞ፣ ጭነቱ በጥቂት በጥቂቱ እየተጨመረ፣ መሪው የያዘው ሰው ሳይሆን ጎኑ የተቀመጠው መለኪያውን እያነበበ። ከዚያም ሞተሩ ቀዝቅዞ ካንዴላዎቹ ይወጣሉ፤ ነጩ ሸክላቸውም በአጉሊ መነጽር ይታያል። በሸክላው ላይ እንደ ጥቁር አዝሙድ የተነሰነሱ ወይም እንደ ብር የሚያብለጨልጩ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ካሉ፣ እነርሱ ከፒስተኑ አናት የተፈናጠሩ ናቸው። ያ መኪና ወደ አዲስ አበባ የሚመለሰው ተጎትቶ ቢሆን ይመረጣል።