ፒካፕዎ የሚጎትተውና የሚሸከመው አንድ አይደለም
ፊፍዝ ዊል ተሳቢ ለመግዛት ላሰቡ ወገኖች

ኡበር እ.ኤ.አ. በ2011 ዋሽንግተን ዲሲ ከገባ ወዲህ በታክሲ ሥራ ይተዳደሩ ከነበሩ ወገኖቻችን መካከል ብዙዎቹ ፊታቸውን ወደ ጭነት ሥራ አዙረዋል። ባለ 18 ጎማውን ለመግዛት ገንዘቡም ሆነ የንግድ መንጃ ፈቃዱ የሌላቸው ደግሞ በከባድ ፒካፕ ተሳቢ እየጎተቱ ከጨረታ የተገዛ መኪና፣ የግንባታ ዕቃና ማሽን ማመላለስ ይጀምራሉ። በዚህ አገር የጭነት ሰዎች አነጋገር ሥራው «ሆት ሻት» ይባላል። አጀማመሩ ቀላል ይመስላል። ፒካፑ ደጅ ቆሟል፤ ተሳቢ በዱቤ የሚሸጥ ነጋዴም አይታጣም። የሚከብደው መጠኑን መምረጡ ነው። መጠኑን ያልለየ ሰው በታክሲ ያጠራቀመውን ጥሪት በአንድ ግዢ ሊያጣ ይችላል፤ ከዚያም ሲብስ ሰው ሊጎዳበት ይችላል።

ፊፍዝ ዊል የሚባለው ተሳቢ ከፒካፑ ኋላ መከላከያ ሥር ካለው ኳስ ጋር አይያያዝም። አንገቱ በካሶኒው ላይ ተሻግሮ፣ ከኋላው አክስል በላይ በታሰረ ሳህን መሰል ማያያዣ ላይ ይቀመጣል። ጉዝኔክ የሚሉትም ከኳሱ ልዩነት በቀር ሥራው ያው ነው። ክብደቱ አክስሉ ላይ ስለሚያርፍ እንደ ተራው ተሳቢ በነፋስ ወዲያና ወዲህ አይወዛወዝም፤ የፒካፑንም አፍንጫ ወደ ላይ አያነሳም። በጎ ጎኑ ይህ ነው። ጣጣው ደግሞ ከዚሁ ይመጣል።

ጋሪ የሚጎትት ፈረስ ብዙ ኩንታል ይስባል። ያንኑ በጀርባው ጫኑበት ቢባል ግን ወገቡ ይሰበራል። ፊፍዝ ዊል ፒካፑን በአንድ ጊዜ ያስጎትተዋልም ያሸክመዋልም። ነጋዴው ግን የሚያሳይዎት የሚጎትተውን ቁጥር ብቻ ነው። «ይህ ፒካፕ ከ15,000 ፓውንድ በላይ ይጎትታል» ይልዎታል፤ ውሸትም ላይሆን ይችላል። የሚሸከመውን ግን እርስዎ ራስዎ መፈለግ አለብዎት።

የት ይገኛል? የሾፌሩን በር ሲከፍቱ በምሰሶው ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ አለ። በዚያ ላይ «ጂ ቪ ደብልዩ አር» የተባለው ቁጥር መኪናው ከነጭነቱ፣ ከነሰዉና ከነነዳጁ ሊኖረው የሚፈቀደው ከፍተኛ ክብደት ነው። ከዚያ ፒካፑን ነዳጅ ሞልተው፣ ዘወትር አብሮዎት የሚሄደውን ሰውና የመሣሪያ ሣጥን ይዘው፣ ማያያዣውንም አስረው ወደ ሚዛን ይውሰዱት። በአውራ ጎዳና ዳር ባሉ የጭነት መኪና ማደያዎች «ካት ስኬል» የሚባለው ሚዛን አለ፤ የእያንዳንዱን አክስል ክብደት ለይቶ በወረቀት ይሰጣል። ከበሩ ቁጥር ላይ የሚዛኑን ሲቀንሱ የሚቀረው የፒካፕዎ ትከሻ ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። ሦስት አራተኛ ቶን ከሚባሉት ፒካፖች አንዱ፣ የፎርድ ኤፍ 250 ወይም የራም 2500 ዓይነት፣ የበሩ ቁጥር 10,000 ፓውንድ ነው እንበል። ሚዛን ላይ 7,900 ቢመጣ የቀረው 2,100 ፓውንድ፣ ወደ ዘጠኝ ኩንታል ተኩል ነው። የናፍጣ ሞተር ከቤንዚኑ ስለሚከብድ ጉልበት ይጨምራል እንጂ ትከሻውን ይቀንሳል፤ ይህን ብዙ ሰው አያስተውለውም። እንግዲህ ፊፍዝ ዊል ከነጭነቱ ከሚመዝነው ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 25 በመቶ የሚሆነውን በፒካፑ ላይ ያሳርፋል። ተሳቢው 14,000 ፓውንድ ሲሞላ 20 በመቶው 2,800 ነው። ፒካፑ በ700 ፓውንድ፣ ከሦስት ኩንታል በላይ ተርፎበታል ማለት ነው፤ በብሮሹሩ መሠረት ግን ገና ብዙ መጎተት ይችላል። የኋላ ጎማው በሐምሌ ሙቀት ሲፈነዳ ብሮሹሩን የሚጠይቅ የለም።

ስሌቱን ገልብጠው ቢሠሩት ይሻላል። 2,100ን ለ0.20 ቢያካፍሉ 10,500 ይመጣል። ጭነቱ ወደ ፊት ያደላ ከሆነ ለ0.25 ያካፍሉ፤ 8,400 ይሆናል። የዚህ ፒካፕ ተሳቢ ከነጭነቱ በእነዚህ በሁለቱ መካከል መሆን አለበት። እኔን የሚጠይቀኝ ቢኖር ወደ ዝቅተኛው እንዲጠጋ እመክራለሁ፤ ጭነት ጫኙ ሁልጊዜ እርስዎ በፈለጉት ቦታ አያስቀምጥልዎትምና።

ከኋላ መንታ ጎማ ያላቸው የአንድ ቶን ፒካፖች ነገር ሌላ ነው። የበራቸው ቁጥር 14,000 ፓውንድ የሆነ ብዙ ነው። ሚዛን ላይ 8,600 ቢመጣ 5,400 ይቀራል። እዚህ ላይ ትከሻው አያስቸግርም፤ የሚያግደው ሕጉ ነው። የፒካፑና የተሳቢው የተፈቀደ ክብደት ተደምሮ 26,001 ፓውንድ ከደረሰና የተሳቢው ብቻውን ከ10,000 ካለፈ የንግድ መንጃ ፈቃድ ክላስ ኤ ያስፈልጋል። የሚቆጠረው በዕለቱ የጫኑት ብቻ አይደለም፤ ፋብሪካው የጻፈው ቁጥር ጭምር ነው። ስለዚህ 14,000 ፒካፕ 14,000 ተሳቢ ባዶውን ቢጎትት እንኳ ያለ ክላስ ኤ ሾፌሩ ጥፋተኛ ነው። ከ12,000 ተሳቢ ጋር ግን ድምሩ ልክ 26,000 ስለሚሆን ከመስመሩ በታች ይቀራል።

ያ 12,000 ታዲያ ስንት ይጭናል? ተሳቢው ራሱ 5,000 ፓውንድ ቢመዝን የሚቀረው 7,000 ነው። ሁለት ቶዮታ ኮሮላ ይጭናል፤ ሁለት ሃይላንደር አይጭንም። ለአንድ መኪና በሚከፈል ዋጋ ነዳጁ፣ ኢንሹራንሱና የባንክ ዕዳው ይሸፈን እንደሆነ ከመግዛትዎ በፊት በወረቀት ላይ ያስሉት። ካልተሸፈነ ትልቅ ተሳቢ ከመፈለግ በፊት ክላስ ኤ ማውጣት ይቀድማል። ለዚህም እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2022 ወዲህ በተመዘገበ ማሠልጠኛ መማር ግዴታ ነው።

ሌላው መስመር ዝቅ ይላል። ለንግድ ከስቴት ወደ ስቴት የሚጭን ሰው ፒካፑና ተሳቢው በድምሩ 10,001 ፓውንድ ከደረሱ በፌዴራል ደንብ ሥር ይገባል። የዲ ኦ ቲ ቁጥር፣ የሐኪም የምስክር ወረቀትና የመንዳት ሰዓት ገደብ ይከተላሉ። የሌላ ሰው ዕቃ በክፍያ የሚጭን ከሆነ ቢያንስ የ750,000 ዶላር ኢንሹራንስ ይጠየቃል፤ ብዙ ብሮከሮች ደግሞ ከ1 ሚሊዮን በታች ላለው ጭነት አይሰጡም። የታክሲ ኢንሹራንስ ለዚህ አያገለግልም። የመንገድ ምልክት ማንበብና ተቆጣጣሪ ሲጠይቅ በእንግሊዝኛ መመለስም ከዚሁ መስመር ጀምሮ ግዴታ ነው። ደንቡ የቆየ ቢሆንም እ.ኤ.አ. ከጁን 25 ቀን 2025 ጀምሮ ያላሟላ ሾፌር መንገድ ላይ ከሥራ እንዲታገድ ተደርጓል። «የኔ ፒካፕ ነው፣ ትራክ አይደለም» የሚለው ክርክር አያዋጣም።

ግሪን ካርድ ሳይኖራቸው በሥራ ፈቃድ ብቻ ለሚኖሩ ወገኖች ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ አለን። ለእነርሱ የሚሰጠውን የንግድ መንጃ ፈቃድ የሚያጠብቅ ደንብ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2025 ወጥቶ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሷል። ክላስ ኤ የሚጠይቅ ተሳቢ ላይ ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ወረቀትዎን ይዘው የስቴትዎን የመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤት ይጠይቁ።

የካሶኒውንም ርዝመት አይርሱ። 8 ጫማ ከሆነ ችግር የለም። ከ6 ጫማ ተኩል በታች ከሆነ ግን በጠባብ ቦታ ሲጠመዘዙ የተሳቢው አፍንጫ የኋላ መስታወትዎን ሊሰብር ይችላል፤ ወደ ኋላ የሚንሸራተት ማያያዣ መግዛት ይኖርብዎታል። አፓርታማ የሚኖሩም የ40 ጫማ ተሳቢ ማታ የት እንደሚያድር አስቀድመው ያስቡ። የማቆሚያው ኪራይ ከስሌት ይረሳል።

ያገለገለ የሚገዙ ከሆነ ጎማው ላይ ከዲ ኦ ቲ ፊደላት ቀጥሎ በስተመጨረሻ ያሉትን አራት ቁጥሮች ያንብቡ፤ 2319 ቢል በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ዕድሜው የገፋ የተሳቢ ጎማ ይፈነዳል። የተሳቢው የክብደት ሰሌዳ ከተፋቀ ወይም ቁጥሩ በእጅ ከተጻፈ አይግዙ። በስተመጨረሻም ተሳቢውን አያይዘው፣ ከተቻለ በጭነት፣ ሚዛን ላይ ያውጡት። የፒካፑ ሁለት አክስሎች ድምር ብቻውን ከመዘነው በስንት እንደጨመረ ይዩ፤ ትከሻው ላይ ያረፈው እውነተኛ ክብደት ያ ነው። ሻጩ እስከ ሚዛኑ ድረስ ለመውሰድ ካልፈቀደ ሌላ ሻጭ ይፈልጉ።