ተጨማሪ መረጃ፦ ማርያም የሳመችው ቦታ

«ማርያም የሳመችው» የምንለው ጥቁር ነጥብ የሜላኖሳይት፣ ማለትም ለቆዳ ቀለም የሚሰጡ ህዋሳት፣ ክምችት ነው። አብዛኛው ጉዳት የለውም። ላንጋኖ ሐይቅ አካባቢ የሚኖር ሰው ነጥቡን ማስነሳት ቢፈልግ በመንግሥት በኩል ከጤና ጣቢያ ሪፈር ተጽፎለት ወደ ሆስፒታል ይሄዳል፤ እስከ አዲስ አበባው አለርት ሆስፒታል ሊዘልቅም ይችላል። ዋጋው ይቀላል፣ ወረፋው ይከብዳል። የግል ክሊኒክ ይፈጥናል፣ ኪስ ግን ይፈትሻል።

ከዋጋው በፊት መጠየቅ ያለበት ግን «የተቆረጠው ለፓቶሎጂ ይላካል ወይ?» ነው። ፓቶሎጂ ናሙናን በማይክሮስኮፕ አይቶ ካንሰርን የሚለይ ምርመራ ነው፤ በሌዘር ከተቃጠለ ነጥብ የሚመረመር ናሙና አይተርፍም።

ሜላኖማ የተባለው የቆዳ ካንሰር በጥቁር ሰዎች ላይ አዘውትሮ የሚወጣው በውስጥ እግር ነው። ሐይቁ ዳር ጫማችሁን ስታወልቁ ውስጥ እግራችሁን እዩ፤ ነጥብ ካለ ስፋቱን በማስመሪያ ለክታችሁ መዝግቡ፣ ከወር በኋላም ድገሙት። ከሰፋ ወይም ቀለሙ ከተለወጠ ለሐኪም አሳዩ።