ስለ እንግሊዝኛ ቃል አከፋፈልና ትርጓሜ

በጭላሎ ተራራ ግርጌ በአሰላ የሚያድግ ተማሪ አማርኛን በግእዝ ፊደል፥ ኦሮምኛን ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ቁቤ በተባለው የላቲን ፊደል፥ እንግሊዝኛንም በዚያው በላቲን ይማራል።

በግእዝ ፊደል በመሥመር ዳር ቃልን ከማናቸውም ፊደል በኋላ ብንከፍለው ነውር የለበትም። በእንግሊዝኛ ግን ቃል የሚከፈለው በድምፁ ማረፊያ ነው፤ ጭረትም ይደረግበታል። «ቲቸር» ከ«ቲች» በኋላ ይከፈላል፤ «ቡክ» ግን ከቶ አይከፈልም።

ይህች ጭረት ትንሽ ናት ተብላ አትናቅ። «ሪዛይን» ማለት ሥራን መልቀቅ ነው፤ ከሁለተኛው ፊደል በኋላ ጭረት ቢገባበት ግን «ሪሳይን» ተብሎ ይነበባል፥ ትርጓሜውም ዳግመኛ መፈረም ይሆናል። እንግዲህ ውሉን ሊያድስ የወደደ ሹም ጭረቷን ቢዘነጋ የስንብት ደብዳቤ ጽፎ ይገኛል። እንዲሁም በሁለት ጭረት የተያያዘውን «ማዘር ኢን ሎው» ለያይቶ የሚፈታ «እናት በሕግ» ይላል፤ እርሱ ግን አማት ማለት ነው።

ተመሳሳይ ቃላትም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻሉ። «ሀውስ»ና «ሆም» ሁለቱም ቤት ናቸው፤ ፊተኛው ሕንፃው ነው፥ ሁለተኛው ግን ሰው ከወገኖቹ ጋራ የሚኖርበትና ሲርቅ የሚናፍቀው ነው። ዎልፍ ሌስላው በ1973 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ያሳተሙት የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት ቃሉን በዓረፍተ ነገር አግብቶ የሚፈታ ስለ ሆነ ለዚህ ይረዳል።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ ልጆቻችሁ ቃሉን ከነጭረቱ እንዲጽፉ፥ ከነዓረፍተ ነገሩም እንዲያጠኑ ትጉ።