ለብዙ ሰው ስለሚላክ አባሪ

የንግድ ቤት ጸሐፊ ከደብዳቤ ጋር ሰነድ አያይዞ ሲልክ የሚጠብቀው ሥርዓት የታወቀ ነው። በራስጌው ቁጥርና ቀን ይሰፍራል፤ ቀጥሎ «ጉዳዩ» ተብሎ ነገሩ በአንድ መሥመር ይገለጣል፤ ከፊርማው በታችም «አባሪ፦ 3 ገጽ» ይባልና ግልባጭ የሚደርሳቸው ሁሉ በየስማቸው ይዘረዘራሉ። ተቀባዩም ፖስታውን ከፍቶ ገጹን ይቈጥራል፤ የጎደለ ቢኖር ያውቃል፤ ነገሩን ከእርሱ ሌላ ማን እንዳወቀውም ይረዳል። ዳሩ ግን ይኸው ጠንቃቃ ጸሐፊ ከኮምፒዩተር ፊት ሲቀመጥ ይህን ሁሉ እንዴት እንደሚረሳው ያስገርማል።

ችግሩ ጎልቶ የሚታየው ነጋድያን በቡድን ሆነው በአንድ የኢሜይል አድራሻ በሚጻጻፉበት ጊዜ ነው። ወደዚያ አድራሻ የተላከ አንድ ደብዳቤ ተባዝቶ ለአባላቱ ሁሉ ይደርሳል። ከአባላቱ መካከል ቡናና ሰሊጥ ላኪው፣ መለዋወጫ አስመጪው፣ ትራንዚተሩ፣ ከዋና ከተማ ርቆ የሚነግደው ባለሱቅም ይገኛሉ። አንዱን የሚጠቅመው ሰነድ ሌላውን ጨርሶ የማይመለከተው ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ሁሉም ይቀበለዋል።

የኢሜይል መሥመር መጀመሪያ የተበጀው ለተራ ጽሑፍ ብቻ ነበር። ሥዕልና ሰነድ አብሮ እንዲላክ ያስቻለው ማይም የተባለው ደንብ የወጣው በ1992 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ፋይሉን ወደ ተራ ፊደላት እየለወጠ ያሳልፈዋል። በዚህ ለውጥ ምክንያት የአባሪው መጠን በሲሶ ያህል ያድጋል። ለምሳሌ ያህል አንድ ነጋዴ የዕቃውን ፎቶግራፎች 9 ሜጋባይት አድርጎ 300 አባላት ላሉት ቡድን ቢልክ፣ በመንገድ ላይ እያንዳንዱ ደብዳቤ 12 ሜጋባይት፣ ጠቅላላውም 3,600 ሜጋባይት ይሆናል። ላኪው ያወጣው ወጪ ኢምንት ነው። በስልኩ የኢንተርኔት ጥቅል እየገዛ የሚሠራው ባለሱቅ ግን ያላዘዘውን ዕቃ ኪራይ እንደ ከፈለ ሰው ይሆናል።

ከዚህ ጥፋት አብዛኛው የሚመጣው ከስካነሩ ነው። በጥቁር ቀለም የተጻፈን ደረሰኝ በሙሉ ቀለም ማንሣት ምንም ጥቅም የለውም። በአንድ ኢንች ላይ ያለው የነጥብ ብዛት ከ300 ወደ 600 ሲያድግ የሥዕሉ ነጥቦች በ4 እጥፍ ይበዛሉ፤ ለንባብ ግን 300 ይበቃል። ስልክ ያነሣውን ፎቶግራፍም ከመላክ አስቀድሞ ማሳነስ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

የመጠኑ ነገር የገንዘብ ጉዳይ ነው፤ የምሥጢሩ ነገር ግን ከዚያ ይከብዳል። ብዙ የኢሜይል ቡድኖች «መልስ» የሚለው ሲጫን መልሱ ለጠያቂው ብቻ ሳይሆን ለሁሉም እንዲደርስ ተደርገው የተዘጋጁ ናቸው። አንድ አስመጪ ዋጋ ቢጠይቅና ሻጩ የዋጋ ዝርዝሩን አያይዞ «መልስ»ን ቢጫን፣ ለአንድ ደንበኛ በልዩ አስተያየት የተቀነሰው ዋጋ በተወዳዳሪዎቹና በሌሎች ደንበኞቹ ሁሉ እጅ ይገባል። በማግሥቱ ሌላው ደንበኛ ያንኑ ቅናሽ ቢጠይቀው ምን ይመልስለታል? የተላከ አባሪ ደግሞ አይመለስም። «ይቅርታ፣ የቀደመውን አትክፈቱት» የሚል ሁለተኛ ደብዳቤ ያልከፈተውንም ሰው እንዲከፍት ይገፋፋዋል።

ፕሮፎርማና ቢል ኦፍ ሎዲንግ በቡድን አድራሻ ፈጽሞ ሊላኩ አይገባም። በእነዚህ ወረቀቶች ላይ የገዢና የሻጭ ስም፣ የዕቃው ብዛት፣ የመርከቡ ስም፣ ፊርማና ማኅተም፣ በፕሮፎርማው ላይም የባንክ ሒሳብ ቁጥር ይገኛሉ። አጭበርባሪ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። የሻጩን አጻጻፍና ማኅተም አስመስሎ፣ የሒሳብ ቁጥሩን ብቻ ለውጦ፣ «ባንካችንን ቀይረናል» ብሎ ለገዢው ይጽፋል፤ ገንዘቡም ወደማይታወቅ አገር ይሄዳል። እንዲህ ያለው ተንኮል በዓለም ንግድ ውስጥ የታወቀ ነው። ስለዚህ የሒሳብ ቁጥር ለውጥ በኢሜይል ሲደርስ፣ በደብዳቤው ላይ ወደ ተጻፈው ስልክ ሳይሆን አስቀድሞ በሚታወቀው ቁጥር ደውሎ ማረጋገጥ የገንዘብ ያዡ ግዴታ ሊሆን ይገባል።

አባሪ መክፈትም የራሱ ጥንቃቄ አለው። በግንቦት 2000 እ.ኤ.አ. ከፊሊፒንስ የተነሣው «አይ ላቭ ዩ» የተባለው ቫይረስ የተሠራጨው የፍቅር ደብዳቤ መስሎ በኢሜይል አባሪነት ነበር። የከፈተው ሰው ኮምፒዩተር በአድራሻ መዝገቡ ላሉት ሁሉ ያንኑ ይልክ ስለ ነበር፣ ተቀባዩ የሚያየው የሚያውቀውን ሰው ስም ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ የቡድን ኃላፊዎች አባሪን ጨርሶ መከልከላቸው አያስወቅሳቸውም።

በአማርኛ ለሚጻጻፉ ደግሞ አንድ የተለየ ነገር አለ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ መለያ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ የአማርኛ መጻፊያዎች ፊደላችንን በላቲን ፊደላት ቦታ እየተኩ ያስቀምጡ ስለ ነበር፣ በእነርሱ የተጻፈ ሰነድ ያው መጻፊያ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት ትርጕም የለሽ የላቲን ፊደል ይሆናል። እንዲህ ያለ አሮጌ ሰነድ ያለው ነጋዴ ፊደሉ አብሮ በታተመበት በፒ.ዲ.ኤፍ. መልክ ቢልከው ተቀባዩ እንዳለ ያነበዋል።

እንግዲህ ለቡድኑ ሰነድ ማድረስ የግድ የሆነበት ሰው ምን ያድርግ? ፋይሉን በኢንተርኔት ማስቀመጫ አኑሮ አድራሻውን ብቻ ይላክ፤ የፈለገ ይከፍተዋል፤ ያልፈለገ ያልፈዋል። ጽሑፉ አጭር ከሆነም በደብዳቤው ውስጥ በቀጥታ ይገልብጠው፤ የሁለት መሥመር የስብሰባ ጥሪን በአባሪ መላክ አንድ ቃል ለመናገር መልእክተኛ እንደ መላክ ነው። ለአንድ ሰው የሚገባው ለአንዱ ብቻ ይላክ።

የፋይሉም ስም ሊታሰብበት ይገባል። «ስካን 0001» ተብሎ የተላከ ሰነድ ከሳምንት በኋላ በተቀባዩ ኮምፒዩተር ውስጥ ካሉት ሌሎች «ስካን 0001» አይለይም። የድርጅቱ ስም፣ የሰነዱ ዓይነትና ቀኑ በፋይሉ ስም ላይ ቢሰፍሩ ፈላጊው በቶሎ ያገኘዋል። በደብዳቤውም ውስጥ እንደ ሸኚ ደብዳቤ ሆኖ ሰነዱ ምን እንደ ሆነ፣ ስንት ገጽ እንዳለው፣ መጠኑ ስንት ሜጋባይት እንደ ሆነና ማንን እንደሚመለከት በሁለት መሥመር ይጻፍ፤ የማይመለከተው ሰው ሳይከፍተው ያልፈው ዘንድ።