ቡችላው ሌሊት አላስተኛ ብሏችኋል? የእንቅልፍ ክኒን ከመስጠታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ዛሬ ከወትሮው ትንሽ ወጣ ያለ ርዕስ ይዤ መጥቻለሁ።

ሰሞኑን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ አንዲት እህታችን በውስጥ መስመር እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፦ «ዶክተር፣ በዚህ ሰዓት ስለረበሽኩህ ይቅርታ። ለልጆቼ ቡችላ ገዝቼ ይኸው ሦስተኛ ሌሊቴ ነው፣ ቤት ውስጥ አንድም ሰው አልተኛም። ጎረቤት ሁለቴ መጥቶ አንኳኳ። እናቴ የምትወስደው የእንቅልፍ ክኒን አለ፤ ሩቡን ብሰጠው ችግር አለው?»

አዎ፣ ችግር አለው! እኔ የሰው ሐኪም ነኝ እንጂ የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም፤ ግን ይህኛው የሒሳብ ጉዳይ ነው። አንዱ ክኒን 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከታሰበ፣ ሩቡ 2 ኪሎ ተኩል ለሚመዝን ቡችላ በኪሎ ሲሰላ ሰው ከሚወስደው 6 እጥፍ ይሆናል። መድኃኒቱን የሚያጣራው ጉበቱም ገና አልጠነከረም። አተነፋፈሱ ሊደክም፣ ሰውነቱ ሊቀዘቅዝ ይችላል። አንዳንዱን ደግሞ ጭራሽ ያቅበጠብጠዋል። የአለርጂ ክኒን፣ አይቡፕሮፌን፣ «ጠብ ብታደርጉለት ዝም ይላል» የሚባለው አረቄ፣ ሁሉም ያው ነው። አይሰጥም።

ታዲያ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ለምን እንደሚያለቅስ እንረዳ።

ቡችላ እስከዚያች ቀን ድረስ አንድም ሌሊት ብቻውን አድሮ አያውቅም። ከእናቱና ከወንድም እህቶቹ ጋር ተደራርቦ፣ በእነሱ ሙቀት ነው የሚተኛው። እኛ ግን ቀን ገዝተን እናመጣውና ማታ ወጥ ቤት ወይም ግቢ ውስጥ አስቀምጠን፣ መብራት አጥፍተን በር እንዘጋበታለን። እሱም የሚችለውን ያደርጋል፤ ይጮኻል። በተፈጥሮ ከመንጋው የጠፋ ቡችላ የሚገኘው ሲጮህ ነውና። በዚያ ላይ የአዲስ አበባ ሌሊት፣ በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር፣ እንኳን ለእሱ ለእኛም ይበርዳል።

መንገድ ዳር የሚሸጡት ላይ ሌላ ችግር አለ። ብዙዎቹ ከእናታቸው የሚለዩት ጊዜያቸው ሳይደርስ ነው። ቡችላ ቢያንስ 8 ሳምንት ከእናቱ ጋር መቆየት አለበት። ሻጩ «ሁለት ወሩ ነው» ቢላችሁ አፉን ከፍታችሁ እዩ። የወተት ጥርስ ብቅ ማለት የሚጀምረው በ3ኛው ሳምንት አካባቢ ነው። ድዱ ባዶ ከሆነ ወይም የፊቶቹ ብቻ ብቅ ካሉ፣ ሁለት ወር አልሞላውም። እንዲህ ያለውን ሌሊቱን ሙሉ አስተኛለሁ ብላችሁ ባትደክሙ ይሻላል፤ በቀጥታ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት። የሚጠጣው ወተትም ሆነ የሚሞቅበት መንገድ የተለየ ነው።

ዕድሜው 8 ሳምንት የሞላው ከሆነ ግን መላ አለው። እኛም ቤት ደርሶብናል። ልጆቼ ለአንድ ዓመት ያህል ለምነውኝ ቡቺን ያመጣን ዕለት እኔው ነኝ «ዛሬ ያለቅሳል፣ ነገ ይለምደዋል» ብዬ ወጥ ቤት ያስተኛሁት። ያለነው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የላይኛው ፎቅ በመጥረጊያ እጀታ ወለሉን ይደበድብ ጀመር። በሁለተኛው ሌሊት ቤቱ ጸጥ አለ። «አየሽ፣ ለመደ» አልኳት ባለቤቴን። ጠዋት ብንነሳ ትንሹ ልጄ ብርድ ልብሱ ውስጥ ደብቆት ሁለቱም በሽንት ርሰው ተኝተዋል።

ሁለታችንም፣ እኔም ልጄም፣ ተሳስተን ነበር። ብቻውን እየጮኸ ማደር ፍርሃት እንጂ እንቅልፍ አያስተምርም፤ አንዳንዱ ደክሞት ዝም ይላል፣ ሌላው ግን ብቻውን መሆንን የሚፈራ ትልቅ ውሻ ይሆናል። አልጋ ላይ ማስተኛቱ ደግሞ የጤና ጣጣ አለው። አብዛኞቹ ቡችላዎች ከእናታቸው የሆድ ትል ይዘው ይወለዳሉ። የትሉ እንቁላል ከዓይነ ምድራቸው ጋር ወጥቶ በቆሸሸ እጅ ወደ ልጅ አፍ ከገባ፣ እጩ በጉበት፣ በሳንባ፣ አንዳንዴም በዓይን ውስጥ ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ የትል መድኃኒት ጀምሮ እስኪጨርስ አልጋ ላይ አይውጣ። አራስ ልጅ ያለበት ክፍል ውስጥ ደግሞ የትል መድኃኒት ቢወስድም ባይወስድም ብቻቸውን አይተዉ።

የሠራልን መሃል ላይ ያለው መንገድ ነው፤ እናንተ ክፍል ውስጥ ይደር፣ አልጋችሁ ላይ ግን አይደለም። አየር የሚያስገባ ሳጥን ፈልጉ። የፍራፍሬ ሳጥን ወይም ጠንካራ ካርቶን ለጊዜው ይበቃል። ስፋቱ ለመቆም፣ ለመዞርና ለመጋደም የሚበቃው ያህል ብቻ ይሁን። ቡችላ የተኛበትን ማቆሸሽ አይወድም፤ ሳጥኑ ሰፊ ከሆነ ግን አንዱን ጥግ መኝታ፣ ሌላውን ሽንት ቤት ያደርገዋል። ውስጡ እናንተ የለበሳችሁትን ያልታጠበ ቲሸርት አንጥፉ። ከምትገዙበት ቤት እናቱ የተኛችበት ጨርቅ ቁራጭ ካገኛችሁ ደግሞ ወርቅ ነው። ሃይላንድ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ (የፈላ አይደለም!) ሞልታችሁ፣ ክዳኑን አጥብቃችሁ በፎጣ ጠቅልላችሁ በአንድ ጎኑ አድርጉለት። ሲሞቀው የሚሸሽበት ቦታ ይኑረው። ሳጥኑን እጃችሁ የሚደርስበት፣ አልጋችሁ አጠገብ አስቀምጡት። ቀን ላይ ምግቡን እዚያው ሳጥን ውስጥ ስጡት፣ ሳይዘጋበት ይግባ ይውጣ፤ ማታ እስር ቤት እንዳይመስለው። ሳምንት ሁለት ሳምንት ተኝቶ ማደር ሲጀምር ሳጥኑን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ወደ በሩ፣ ከዚያ ወደ ኮሪደሩ ትወስዱታላችሁ።

አሁን ዋናው ነገር፣ ሽንት። ለመገመት የሚረዳ ቀላል ስሌት አለ፤ የቡችላው ዕድሜ በወር ሲደመር 1። የ2 ወር ቡችላ 3 ሰዓት፣ የ3 ወሩ 4 ሰዓት ያህል ይቋጥራል ማለት ነው። ከዚያ በላይ እንዲቆይ መጠበቅ ከጨቅላ ሕፃን ዳይፐር ሳያስሩ ደረቅ አልጋ እንደመጠበቅ ነው። ስለዚህ እሱ እስኪቀሰቅሳችሁ አትጠብቁ፣ እናንተ ቅደሙት። ማታ 4 ሰዓት ላይ አሸንታችሁ አስተኙት። ስልካችሁን ለሌሊት 7 ሰዓት፣ ከዚያ ለ10 ሰዓት ሙሉ። ጠዋት 12 ተኩል ላይ ትነሳላችሁ። በጩኸት ከመባነን በአላርም መነሳት ይቀላል፤ ቡችላውም «ስጮህ ይመጡልኛል» የሚል ትምህርት አይወስድም።

ስትነሱ ትልቁን መብራት አታብሩ። በክንዳችሁ ተሸክማችሁ ሁልጊዜ ወደዚያው ቦታ ውሰዱት (ኮንዶሚኒየም ያላችሁ በረንዳ ላይ አሮጌ ጋዜጣ ወይም አፈር ያለበት ትሪ አዘጋጁ)። አምስት ደቂቃ ጠብቁ። ሲሸና ቀስ ብላችሁ «ጎበዝ» በሉትና መልሱት። ጨዋታ የለም፣ ምግብ የለም፣ ወሬም የለም፤ ሰልችቶት መተኛት አለበት። ከመለሳችሁት በኋላ ቢነጫነጭ እጃችሁን ሳጥኑ ላይ ብቻ አድርጉ። ሁለት ሦስት ሌሊት ደረቅ ሲያድር አላርሙን በ15 ደቂቃ፣ ከዚያ በግማሽ ሰዓት እየገፋችሁ ሂዱ። ብዙዎቹ 4 ወር አካባቢ ሲደርሱ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ሳይነሱ ያድራሉ።

ተኝቶ ቆይቶ ድንገት የሚጮህ፣ ሳጥኑን የሚቧጭር ከሆነ አላርም ባይደርስም አውጡት። ገና ሲተኛ ለጥቂት ደቂቃ የሚያሰማው እንጉርጉሮ ግን አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይቆማል።

ቀን ላይ ምን ሲሆን ይውላል? ቡችላ በቀን ከ18 እስከ 20 ሰዓት መተኛት አለበት። ልጆች ባሉበት ቤት ግን ማን አስተኝቶት! ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ይውላል። ማታ 2 ሰዓት ገደማ እንደ እብድ ከሶፋ ሶፋ መሮጥ፣ የልጆቹን እግር መንከስ ይጀምራል። ሰው «ጉልበቱ አልወጣለትም» ብሎ ጭራሽ ያጫውተዋል። እንቅልፍ ያጣ ሕፃን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያ ነው። አንድ ሰዓት ያህል ከነቃ በኋላ ሳጥኑ ውስጥ ያርፍ፤ ልጆችም ተኝቶ ሲያዩት እንዳይነኩት አስተምሯቸው። ቤታችን ውስጥ ትልቁ ለውጥ የመጣው ከዚህ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

እራቱን ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ስጡት፤ ውሃውን ደግሞ ከመኝታ አንድ ሰዓት ገደማ በፊት አንሱት። ቀን ላይ ግን ውሃ አይነፈግ፤ ምግቡም በ3 ወይም 4 ጊዜ ተከፋፍሎ ይሰጠው፣ ትንሽ ቡችላ ሲርበው ስኳሩ ይወርዳል። የላም ወተት ብዙዎቹን ያስቀምጣቸዋል፤ ሌሊቱን ሙሉ ይዞራችኋል። ወጥ ያለበት ፍርፋሪስ? ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል፤ የእኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት የለም። ሩዝ ከተቀቀለ ሥጋ ጋር፣ ያለ ቅመምና ያለ ጨው፣ ለጥቂት ቀን ያስኬዳል፤ ለዘለቄታው ግን ለቡችላ የተዘጋጀ ምግብ ይሻላል።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም የማይተኛ ከሆነ በሽታ አስቡ። ማስታወክ፣ ደም ያለበት ተቅማጥ፣ ምግብ እምቢ ማለት፣ የነጣ ድድ ካያችሁ «እስከ ነገ እንየው» አይባልም፤ ፓርቮ የሚባለው ቫይረስ ያልተከተበ ቡችላን በጥቂት ቀናት ውስጥ ይገድላል። የተነፋ ሆድ ብዙ ጊዜ ትል ነው።

አንድ ነገር ግን እንደ ሰው ሐኪም ሳልናገር አላልፍም። ቡችላ ሲጫወትም ይነክሳል፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው 3 ወር ሲሞላው ነው። በዚህ መሃል ቆዳ የሚያቆስል ንክሻ ወይም ጭረት ከደረሰ «ገና ቡችላ ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ ቡችላም በሽታው ሊኖርበት ይችላል። ቁስሉን በሚወርድ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡ፣ ሰዓታችሁን እያያችሁ፤ 15 ደቂቃ ከምታስቡት በላይ ረጅም ነው። በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። ምልክቱ ከጀመረ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለም ማለት ይቻላል፤ ከመጀመሩ በፊት የሚሰጠው ክትባት ግን ያድናል። እንቅልፍ አጥታችሁ ተናዳችሁ ቡችላውን ጎዳና ላይ የምትጥሉትም እዚሁ ላይ አስቡበት፤ ያልተከተበ ውሻ ሰፈር ውስጥ ጨመራችሁ ማለት ነው። ማሳደግ ካልቻላችሁ የሚንከባከበው ሰው ፈልጉለት።

ያቺ እህታችን ክኒኑን አልሰጠችም። ሳጥኑን አልጋዋ አጠገብ አድርጋ በአምስተኛው ሌሊት የተነሳችው ሁለቴ ብቻ እንደሆነ ጽፋልኛለች፤ አንዴ ለቡችላው፣ አንዴ ለልጇ።

እናንተም ጥያቄ ካላችሁ የቡችላውን ዕድሜ በሳምንት፣ የሚበላውንና ሌሊት የሚነቃባቸውን ሰዓቶች ጨምራችሁ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፤ የእንስሳት ሐኪም ወዳጄን ጠይቄ እመልስላችኋለሁ።